የፉኩኦካው ናናኩማ መስመር፦ በ1.6 ኪሎ ሜትር የተለወጠ የምድር ውስጥ ባቡር

በጃፓን የኪዩሹ ደሴት ትልቋ ከተማ በሆነችው በፉኩኦካ ከሚያገለግሉት ሦስት የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች መካከል ናናኩማ መስመር በዕድሜ ትንሹ ነው። በስተምዕራብ ካለው መነሻው ከሃሺሞቶ ተነሥቶ፣ በደቡብ ምዕራብ የሚገኙትን የመኖሪያ ሰፈሮችና የፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲን አካልሎ፣ በገበያ ማዕከሉ በቴንጂን በኩል አልፎ እስከ ሃካታ ባቡር ጣቢያ ድረስ 13.6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ 18 ጣቢያዎችም አሉት። የመጀመሪያው 12 ኪሎ ሜትር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2005 ሲከፈት፣ የመጨረሻው 1.6 ኪሎ ሜትር ግን ሕዝብ ማመላለስ የጀመረው ማርች 27 ቀን 2023 ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው 18 ዓመት የዚህ መስመር ታሪክ ዋናው ክፍል በመሆኑ፣ ዛሬ የሚሰጠውን አገልግሎት መገምገም የፈለገ ሰው ስለዚያ ዘመን ሳይናገር ማለፍ አይችልም። የእኔ ብያኔ ባጭሩ ይህ ነው፦ ናናኩማ መስመር ገና ሲከፈት ጀምሮ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን የተመቸ መስመር ነበር፤ ነገር ግን ሰው ሊሄድበት ወደሚፈልገው ቦታ ሳይደርስ በመቅረቱ ለረጅም ጊዜ የሚገባውን ያህል አላገለገለም። ሃካታ ከደረሰ ወዲህ ግን ሙሉ መስመር ሆኗል፤ አሁን ያለበት ችግርም የተሳፋሪ እጥረት ሳይሆን የቦታ ጥበት ነው።

የከተማዋን አቀማመጥ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ፉኩኦካ ሁለት እምብርት ያላት ከተማ ናት። አንደኛው ሃካታ ሲሆን፣ ከቶኪዮና ከኦሳካ አቅጣጫ የሚመጣው የሳንዮ ሺንካንሰን (ሺንካንሰን የጃፓን ፈጣን ባቡር ነው) ከ1975 ጀምሮ የሚያበቃበት፣ ወደ ኩማሞቶና ወደ ካጎሺማ የሚወርደው የኪዩሹ ሺንካንሰንም የሚነሣበት ትልቁ የባቡር ጣቢያ ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛው ቴንጂን ሲሆን፣ የገበያ አዳራሾቹ፣ ቢሮዎቹ፣ የኒሺቴትሱ ኩባንያ የባቡርና የአውቶቡስ መናኸሪያ በአንድ አካባቢ የተሰባሰቡበት የንግድ ማዕከል ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው ናካ የተባለው ወንዝ ነው፤ በጥንቱ ዘመን በስተምሥራቅ ያለው የነጋዴዎች ከተማ ሃካታ፣ በስተምዕራብ ያለው ደግሞ የኩሮዳ መሳፍንት ግንብ የነበረበት ፉኩኦካ ይባል ነበር፤ በ1889 በአንድ ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። በዚህ ምክንያት ከሁለቱ ማዕከላት አንዱን ብቻ የሚነካ መስመር ከከተማዋ ግማሹን ያህል እንደተወ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ይህን በሚገባ ተረድቶ የተሠራ ነበር። ዛሬ ኤርፖርት መስመር የሚባለው ጁላይ 26 ቀን 1981 በሙሮሚና በቴንጂን መካከል ሥራ ጀምሮ፣ በ1983 ሃካታ ደረሰ፤ በ1993 ደግሞ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘረጋ። ከሃካታ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ርቀት ሁለት ጣቢያ ብቻ በመሆኑ፣ ከአውሮፕላን የወረደ መንገደኛ በሚያስደንቅ ፍጥነት መሃል ከተማ ይገባል። ነገር ግን ያ መስመር የሚያገለግለው በባሕሩ ዳርቻ በኩል ያለውን የከተማዋን ክፍል ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል ያሉት የጆናንና የሳዋራ ክፍለ ከተሞች ሰፈሮች በአብዛኛው በአውቶቡስ ላይ የተንጠለጠሉ ሆነው ቀሩ። እንዲያውም ቀድሞ በዚያ አቅጣጫ ያልፍ የነበረው የብሔራዊ ባቡር የቺኩሂ መስመር፣ ከሃካታ እስከ ሜይኖሃማ ያለው ክፍሉ በ1983 የምድር ውስጥ ባቡሩ ሃካታ በደረሰበት ዕለት ተዘግቶ፣ ሐዲዱ ተነሥቶ ቦታው መንገድ ሆነ። ያ አካባቢ የነበረውንም ባቡር አጥቶ ከሃያ ዓመት በላይ በመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ አሳልፏል ማለት ነው። ለናናኩማ መስመር መሠራት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነበር።

ከተማው የመረጠው የባቡር ዓይነት ስለ አገልግሎቱ ብዙ ነገር ስለሚያስረዳ፣ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ነው። ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው ሊኒየር ሞተር በሚባለው ዘዴ ነው። በተለመደው የኤሌክትሪክ ባቡር ውስጥ የሚሽከረከር ሞተር ጎማውን ያዞራል፤ ጎማውም ሐዲዱን ቆንጥጦ ይገፋል። በናናኩማ መስመር ግን ሞተሩ ተዘርግቶ እንደተኛ ሆኖ ከፉርጎው ሥር ተገጥሟል፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የብረት ሰሌዳ ተነጥፏል። በሞተሩ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከሰሌዳው ጋር በማግኔት ኃይል ተሳስቦና ተገፋፍቶ ባቡሩን ወደፊት ያስኬደዋል። ባቡሩ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ዓይነት አይደለም፤ ጎማዎቹ ክብደቱን ተሸክመው እንደማንኛውም ባቡር በሐዲድ ላይ ይንከባለላሉ፤ የመግፋቱን ሥራ ግን ከእነርሱ አይጠበቅም። መድረክ ላይ ቆሞ ወደ ሐዲዱ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ያን ሰሌዳ በግልጽ ያየዋል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም በገንዘብ የሚቆጠር ነው። የሚሽከረከር ሞተር ስለሌለ የፉርጎው ወለል ዝቅ ማለት ይችላል፤ ወለሉ ዝቅ ሲል ጣሪያውም አብሮ ይወርዳል፤ ጣሪያው ሲወርድ የዋሻው ስፋት ይቀንሳል። ዋሻው ካነሰ የሚቆፈረው አፈር፣ የሚፈሰው ኮንክሪት፣ የሚፈጀውም ጊዜ ያንሳል። ከዚህም ሌላ ባቡሩ ዳገት ለመውጣት በጎማውና በሐዲዱ መቆናጠጥ ላይ ስለማይመካ፣ ቀጥ ባለ ዳገትና በጠባብ ኩርባ መሄድ ይችላል። የከተማዋ የደቡብ ምዕራብ ጎዳናዎች ጠመዝማዛና ኮረብታማ በመሆናቸው፣ ዋሻው የግለሰብ ቤቶችን መሠረት ሳይነካ ከመንገድ በታች እንዲያልፍ ይህ ችሎታ ወሳኝ ነበር። በጃፓን ይህን ዘዴ በመጀመሪያ የተጠቀመችበት ኦሳካ ስትሆን በ1990 ነው፤ ቶኪዮ፣ ኮቤ፣ ዮኮሃማና ሴንዳይም የየራሳቸውን መስመር በዚሁ መንገድ ሠርተዋል።

ዋጋውም ታዲያ አልቀረም። ፉርጎው ወደ 2.5 ሜትር ገደማ የሚሰፋ ጠባብ ነው፤ ባቡሩም ባለ 4 ፉርጎ ብቻ ነው። በአንጻሩ የኤርፖርት መስመር ባቡር ባለ 6 ፉርጎ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፉርጎ በስፋትም በርዝመትም ይበልጣል። በሁለቱ ወገን በረድፍ በተቀመጡ ሰዎች መካከል አንድ ሰው ቆሞ ሌላው በምቾት ለማለፍ ይቸገራል። የሐዲዱ ስፋትም ይለያያል፤ የኤርፖርት መስመር 1,067 ሚሊ ሜትር ሲሆን ናናኩማ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ባቡር በሌላው መስመር ሊሄድ አይችልም። የኤርፖርት መስመር ከከተማዋ ወጥቶ ጄአር በተባለው የባቡር ኩባንያ ሐዲድ እስከ ካራትሱ ድረስ ሲዘልቅ፣ ናናኩማ በራሱ ዋሻ ውስጥ ተወስኖ የሚኖር መስመር ነው። ኩርባ ላይ የሚሰማው የብረት ጩኸትም ቀላል አይደለም፤ በተለይ ሰው በቀነሰበት ሰዓት አጠገብ ካለ ሰው ጋር መነጋገር እስከማያስችል ድረስ ይሰማል።

ሆኖም ይህን ጥበት ዲዛይኑ በጥበብ አቅልሎታል። ሦስት ሺህ የሚል የሞዴል ቁጥር የተሰጠው ባቡር ውጫዊ ቅርጽ የወጣው አምስት መቶ የሚል የሞዴል ቁጥር ያለውን ሺንካንሰን በነደፈው በጀርመናዊው አሌክሳንደር ኖይማይስተር ሲሆን፣ ከመሬት በታች ለሚኖር ባቡር የማይጠበቅ ለስላሳ ፊት አለው። መብራቱ ዓይን አይወጋም፤ መቀመጫዎቹም በጽዱ ሁኔታ ተይዘዋል። ከሁሉ ይበልጥ የምመሰክርለት ግን መድረኩና ባቡሩ የሚገናኙበት መንገድ ነው። በሁሉም ጣቢያዎች መድረኩ ጠርዝ ላይ በወገብ ቁመት የቆመ አጥር አለ፤ ባቡሩ ከቆመ በኋላ የአጥሩና የፉርጎው በር ገጥመው ይከፈታሉ። በፉርጎውና በመድረኩ መካከል ያለው ክፍተትና የከፍታ ልዩነት እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የጣቢያ ሠራተኛ ተጠርቶ የመሻገሪያ ሰሌዳ እስኪያነጥፍለት መጠበቅ አያስፈልገውም። በያኩኢን ጣቢያ አንዲት ወይዘሮ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ከአሳንሰሩ ወጥተው፣ ማንንም ሳይጠሩና ፍጥነታቸውን እንኳ ሳይቀንሱ ባቡሩ ውስጥ ሲገቡ ተመልክቻለሁ፤ የፊት ጎማዎቹ በክፍተቱ ላይ ሲያልፉ ድምፅ እንኳ አልሰጡም። በሌሎች ብዙ መስመሮች ላይ ይኸው ጉዞ መነሻና መድረሻን አስቀድሞ ለሠራተኛ ማሳወቅን ይጠይቃል። አንድ ሰው ያለ ፈቃድና ያለ እርዳታ መውጣትና መግባት መቻሉ በቁጥር የማይለካ ክብር ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው ያሰቡ መሐንዲሶች ምስጋና ይገባቸዋል።

እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕላዊ ምልክት ያለው መሆኑም ያስደስታል። ይህ ልማድ የተጀመረው በ1981 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች የሠራው የከተማዋ ተወላጅ ዲዛይነር ኒሺጂማ ኢሳኦ ነው፤ ናናኩማ መስመርም ወጉን ጠብቋል። ፊደል ያልለየ ሕፃንም ሆነ ጃፓንኛ የማያነብ እንግዳ የሚወርድበትን ጣቢያ በሥዕሉ ያስታውሰዋል።

እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራ መስመር በ2005 ሲከፈት ግን የተሳፋሪው ቁጥር ከተማው ከተነበየው ከግማሽ በታች ሆነ። ምክንያቱን ለማግኘት ካርታውን ማየት ይበቃል። መስመሩ ያበቃ የነበረው ቴንጂን ሚናሚ በሚባል ጣቢያ ነው። ይህ ጣቢያ ከኤርፖርት መስመሩ የቴንጂን ጣቢያ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አይደለም፤ በመካከላቸው ከ500 ሜትር የሚበልጥ ርቀት አለ፤ እርሱም በምድር ውስጥ በተዘረጋ የገበያ ጎዳና የሚኬድ ነው። ከተማው ሁለቱን እንደ አንድ ጣቢያ ቆጥሮ፣ ከአንዱ በር ወጥቶ በ120 ደቂቃ ውስጥ በሌላው የሚገባ ተሳፋሪ ጉዞው እንደቀጠለ እንዲታሰብለት አደረገ። ይህ ሥርዓት ለገንዘቡ መፍትሔ ቢሆንም ለእግሩ መፍትሔ አልነበረም። ሻንጣ የያዘ፣ ልጅ የታቀፈ ወይም ሺንካንሰን የሚደርስበት ሰው በገበያተኛ መካከል ያን ያህል ርቀት ተጉዞ እንደገና ደረጃ ከመውረድ ይልቅ፣ ከሰፈሩ በቀጥታ ሃካታ የሚወስደውን አውቶቡስ ቢመርጥ አይፈረድበትም። በእኔ እምነት የዚያ ዘመን ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ የሕዝብ መጓጓዣ ከመድረሻው ሁለት እርምጃ ሲቀረው ከቆመ፣ ያልተሠራችው አጭር ርቀት የተሠራውን ረጅም ርቀት ጥቅም ትበላበታለች።

ማራዘሚያው በ2012 የመንግሥትን ፈቃድ አግኝቶ ግንባታው በ2014 ተጀመረ። መንገዱ ከቴንጂን ሚናሚ ተነሥቶ፣ ከናካ ወንዝ ሥር አልፎ፣ በኩሺዳ ቤተ መቅደስ አጠገብ አንድ አዲስ ጣቢያ ሠርቶ ሃካታ የሚገባ ነው። በካርታ ላይ ሲታይ እጅግ ቀላል ይመስላል። ከመሬት በታች ያለው እውነት ግን ሌላ ነበር። በሃካታ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው መሬት በላዩ ውኃ የጠጣ አሸዋ፣ ከሥሩ ደግሞ በዘመን ብዛት የላላ ዓለት ያለበት ነው። ከዓለቱ በላይ ያለውና ውኃ የማያሳልፈው ንብርብር ዋሻውን ከላይኛው ውኃ የሚጠብቅ ክዳን ሆኖ ያገለግላል ተብሎ ታምኖበት ነበር። ቁፋሮውም በዚያ ቦታ ዓለቱን ጥቂት በጥቂት እየፈለፈሉ ወዲያው በሚረጭ ኮንክሪትና በብረት በሚደግፉበት ዘዴ ይካሄድ ነበር።

ኖቬምበር 8 ቀን 2016 ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ላይ ያ ክዳን ተበሳ። በዋሻው ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ከጣሪያው ውኃና አፈር ሲወርድ አይተው ጥቂት ደቂቃ ሲቀራቸው ወጡ፤ ከላይ ያለው መንገድም ወዲያው ለትራፊክ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ 30 ሜትር ርዝመት፣ 27 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በከተማዋ ዋና አውራ ጎዳና መካከል ተከፈተ። የኤሌክትሪክ፣ የጋዝ፣ የውኃና የስልክ መስመሮች ተበጠሱ። በዚያ ሰዓት ጎዳናው ጭር ያለ በመሆኑና መንገዱ በፍጥነት በመዘጋቱ የሰው ሕይወት አልጠፋም።

ዓለም ይህን አደጋ የሚያስታውሰው በጥገናው ፍጥነት ነው፤ በእርግጥም መንገዱ በኖቬምበር 15፣ በሳምንቱ፣ ለተሽከርካሪ ተከፍቷል። ጉድጓዱ የተሞላው በተራ አፈር ሳይሆን ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ እንደ ፈሳሽ በሚፈስና በውኃ ውስጥም እንኳ በሚጠነክር አፈር ነው፤ የተበጠሱት መስመሮችም ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ ተቀጠሉ። ይህ ሁሉ ሊደነቅ የሚገባው ሥራ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የማከብረው ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝግተኛ ጊዜ ነው። በወሩ መጨረሻ መንገዱ እንደገና እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ለጥቂት ሰዓታት ሲዘጋ፣ ፈጥኖ መድፈን ብቻ እንደማይበቃ ታየ። የባለሙያዎች ኮሚቴ ተቋቁሞ ምክንያቱን መረመረ፤ የውኃ ማገጃው ንብርብር ከተገመተው በላይ ደካማ መሆኑንና ከላዩ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ግፊት በበቂ ሁኔታ አለመታሰቡን በ2017 ይፋ አደረገ። ከዚያም ቁፋሮው የቀጠለው አካባቢው ያለው መሬት በመጀመሪያ ከላይ እንዲጠነክር ተደርጎ፣ ውኃውም ተቆጣጥሮ ነው። ለ2020 የታቀደው መከፈቻ ወደ 2023 ተገፋ፤ 45 ቢሊዮን የን ገደማ ይፈጃል የተባለው ሥራም ወደ 58.7 ቢሊዮን የን አደገ። ይህ ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ በመሆኑ ጭማሪው ቀላል ነገር ነው አልልም። ይሁንና ምክንያቱ በአደባባይ ተነግሮ፣ ሥራው ሳይጣደፍ መጠናቀቁ ዛሬ በዚያ ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው ተሳፋሪ የሚተማመንበት መሠረት ሆኗል።

አሁን ወዳለው አገልግሎት ልመለስ። በሃካታ ጣቢያ የናናኩማ መድረክ ከኤርፖርት መስመሩ መድረክ በጥልቀት ይለያል፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ የትኬት በር ውስጥ ስለሚገኙ መውጣትና እንደገና መግባት ቀርቷል። በኤስካሌተርና በረጅም መተላለፊያ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ከሺንካንሰን የወረደ ሰው ደግሞ ምልክቶቹን ተከትሎ ሳይደናገር ይደርሳል፤ ጽሑፎቹም በጃፓንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በቻይንኛና በኮሪያኛ የተጻፉ ናቸው፤ የመስመሩ መለያ ቀለም አረንጓዴ ነው። ከሃካታ እስከ ሃሺሞቶ ያለው ጉዞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቀድሞ በቴንጂን በእግር መሻገርን ይጠይቅ ከነበረው ጉዞ ጋር ሲነጻጸር ወደ 14 ደቂቃ ገደማ ቀንሷል፤ በየቀኑ ለሚመላለስ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ይህ በሳምንት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሆን ጊዜ ነው።

በመካከል የተጨመረው የኩሺዳ ጂንጃማኤ ጣቢያ በራሱ ሊጎበኝ የሚገባው ነው። በጁላይ ወር መጀመሪያ ሳምንታት ግዙፍ ያጌጡ ሸክሞች በሰው ትከሻ እየተሮጡ የሚያልፉበት የሃካታ ጊዮን ያማካሳ በዓል ማዕከሉ ይኸው ቤተ መቅደስ ነው፤ ካናል ሲቲ የተባለው ትልቅ የገበያ ሕንፃም በአቅራቢያው ይገኛል። ከዚህ በፊት ይህ የድሮው ነጋዴ ሰፈር በሁለቱ ማዕከላት መካከል ሆኖ ሳለ በአብዛኛው በእግር ወይም በአውቶቡስ የሚደረስበት ነበር። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ያኩኢን ላይ ከኒሺቴትሱ የቴንጂን ኦሙታ መስመር ጋር መገናኘት ይቻላል። ሮፖንማትሱ ደግሞ መስመሩ ያመጣውን ለውጥ ለማየት ጥሩ ቦታ ነው፤ የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከዚያ ሲነሣ ሰፈሩ ይሞታል ተብሎ ተሰግቶ ነበር፤ ዛሬ በዚያው ቦታ ላይ የከተማው የሳይንስ ሙዚየም፣ ፍርድ ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች ቆመውበታል።

የትኬቱ ነገር ተመጣጣኝ ነው። አነስተኛው ዋጋ 210 የን ሲሆን፣ ከሃካታ እስከ ሃሺሞቶ ያለው ሙሉ ጉዞ 340 የን ነው። የአንድ ቀን ትኬት ለአዋቂ 640 የን ሆኖ ሦስቱንም መስመሮች ያስኬዳል። ሃያካከን ከሚባለው የከተማው ካርድ ሌላ በጃፓን ትልልቅ ከተሞች የሚሠሩት የባቡር ካርዶችም ያገለግላሉ። እንግዳ ለሆነ ሰው የሚበልጠው ግን ከ2022 ጀምሮ ተሞክሮ በ2024 በቋሚነት የተጀመረው አሠራር ነው፤ ንክኪ የሚቀበል የባንክ ካርድ ያለው ሰው ካርዱን በሩ ላይ አስጠግቶ ይገባል፣ ሲወጣም እንዲሁ ያደርጋል፤ በአንድ ቀን ውስጥ የቱንም ያህል ቢመላለስ ከ640 የን በላይ አይቆረጥበትም። ትኬት መሸጫ ማሽን ፊት ቆሞ ካርታ መፈለግና ሳንቲም መቁጠር ቀርቶለታል። በዚህ ረገድ ፉኩኦካ ከእርሷ ከሚበልጡ ብዙ የጃፓን ከተሞች ቀድማለች።

ጉድለቱን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ማራዘሚያው ከተከፈተ በኋላ የመጣው ሰው ከተማው ከገመተው በላይ ሆነ። ጠዋት ወደ ሥራና ወደ ትምህርት በሚገባበት ሰዓት፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጡት ባቡሮች ገና ያኩኢን ሳይደርሱ ይሞላሉ፤ ፉርጎው ጠባብ በመሆኑ በበሩ አካባቢ የቆሙት ሰዎች ወደ ውስጥ ለመግባት ስለማይችሉ፣ በመሃል ቦታ እያለ በበሩ ላይ መጨናነቅ ይፈጠራል። አዳዲስ ባቡሮች ታዝዘው ቁጥራቸው እንዲጨምር ተደርጓል፤ የጠዋቱም ምልልስ እንዲደጋገም ተደርጓል፤ ለውጡ ይታያል፤ ግን አልበቃም። ዋሻው በጠባቡ የተሠራ ስለሆነ ሰፊ ፉርጎ ማምጣት ፈጽሞ አይቻልም። በሌላ በኩል ማራዘሚያው የቴንጂንን የእግር መንገድ ለሁሉም ሰው አላስቀረም፤ ከናናኩማ መስመር ሰፈሮች ተነሥቶ ወደ ምዕራቡ የኤርፖርት መስመር ጣቢያዎች፣ ለምሳሌ ወደ ኦሆሪ ፓርክ፣ መሄድ የፈለገ ሰው አሁንም ወይ ያን የምድር ውስጥ ገበያ በእግሩ ያቋርጣል፣ አለዚያም እስከ ሃካታ ሄዶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚሄድም ሃካታ ላይ መቀየር ግዴታው ነው፤ ዓለም አቀፍ በረራ ያለበት ከሆነ ደግሞ ከአገር ውስጥ ተርሚናሉ በነፃ አውቶቡስ ይሻገራል።

ስለዚህ ለከተማዋ እንግዳ የምመክረው፣ ከሥራ መግቢያ ሰዓት በኋላ ከሃካታ ተነሥቶ በኩሺዳ ጂንጃማኤና በሮፖንማትሱ እየወረደ መስመሩን እንዲያየው ነው፤ ሻንጣ ይዞ በጠዋት መሳፈርን ግን ለራሱም ለሌላውም ሲል ይተወው። ከከተማው የትራንስፖርት ቢሮ የምጠብቀው ደግሞ የጠዋቱን ምልልስ መስመሩ የሚችለው የመጨረሻው መጠን ላይ እስኪደርስ ድረስ ማሳደጉን እንዲቀጥል፣ በቴንጂንና በቴንጂን ሚናሚ መካከል ያለውንም መተላለፊያ ለአረጋውያንና ሻንጣ ለያዙ ሰዎች የሚያቀልል ሥራ እንዲጀምር ነው።